ኦርየልና ዑራኤል

ባለፈው ሳምንት ስቶክሆልም ዳር ያለ ሄሰልቢ የሚባል ሰፈር ሄጄ አንድ ኦርጋን ሲፈታ አየሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለሥራ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ ወሬውን ያመጣችው ልጄ ሣራ ናት። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ምእመን አልቆበት ሊሸጥ ነው፣ ኦርጋኑም ወደ ፖላንድ ይሄዳል ብላ፣ እኔ የምኖርበት አካላ ድረስ በመኪናዋ መጥታ ከቤት ጎትታ አወጣችኝ። ስንደርስ ትልልቆቹ ቧንቧዎች ወርደው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ምእመናን ይቀመጡባቸው በነበሩት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጋድመዋል። አንዱ ሠራተኛ ወናፉን ከፈተው። አሮጌ የበግ ቆዳ፣ የአጥንት ሙጫ፣ የስንት ዘመን አቧራ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣ።  «ፓፓ፣ ግሮተር ዱ?» አለችኝ ሣራ፤ እያለቀስክ ነው ወይ ማለቷ ነው። አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። «አዎ» አልኳት። በዚህ ዕድሜ አቧራ ገባብኝ ማለት ምን ይረባል?

ለኦርጋኑ ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ያንን ዕቃ ለብዙ ዓመታት የቃኘሁት እኔው ነኝ፤ አመለኛ ነበር፣ ብርድ ሲገባ ይጮኻል፣ ሙቀት ሲመጣ ያኮርፋል። ደህና ሁን ብዬው ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ያስለቀሰችኝ እናቴ ናት። እናቴ በሕይወቷ አንድ ቀን ብቻ ነው ኦርጋን የሰማችው። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም አግኝታ አልኖረችም።

ነገሩ የጀመረው በቃል ነው። እንጀራዬ የነበረውን ሥራ በአማርኛ የምጠራበት ስም አጥቼ ነው የኖርኩት። «ኦርጋን እሠራለሁ» ስል ያገሬ ሰው የሚገባው ሌላ ነው። ለእኛ ኦርጋን ማለት በሰርግ ቤት አንድ ሰው ብቻውን ከበሮውንም ክራሩንም የሚያስጮህበት የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፤ አለዚያም የጴንጤዎች የመዝሙር መሣሪያ ነው። ፊቲያ በሚባለው ሰፈር አንዲት ያገሬ ወይዘሮ ለልጃቸው ሰርግ ሊይዙኝ ፈልገው «ድምፅ ማጉያው የራስህ ነው ወይስ እኛ እንከራይ?» ብለውኛል። እኔ የምሠራው በወናፍ እየተነፋ በቧንቧ የሚጮኽ፣ ሁለት ፎቅ የሚያህል ነው ብላቸው አዘኑልኝ። ሌላው ጠጋ ብሎ «ሃይማኖት ለወጥክ ይባላል፣ እውነት ነው?» አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጴንጤ መሆኔን የሰማሁት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። «የቧንቧ ሥራ ነው» ብዬ ላቃልለው የሞከርኩ ጊዜ ደግሞ የመታጠቢያ ቤታቸው ውሃ እንደሚያንጠባጥብ ነገሩኝ። ስለዚህ በስዊድንኛው መጥራት ጀመርኩ። ስዊድኖቹ ሲጽፉት «ግ» አለበት፣ ሲናገሩት ግን «ኦርየል» ነው የሚሉት። እኔም ኦርየል አልኩ፤ መዘዙ ከዚያ መጣ።

ስቶክሆልም የመጣሁት ለትምህርት ነው። ሱሪያችን ከታች መሬት የሚጠርግበት፣ ጎፈሬያችን በበር አልገባ የሚልበት ጊዜ ነበር። ሄቶርየት ገበያ ጥግ ላይ ካለችው ቡና ቤት በሁለት ክሮን ቡና ከነቀረፋ ዳቦው ይገኛል፤ ሁለተኛውን ስኒ በነጻ ይቀዱልናል፣ እኛም ሦስተኛውንና አራተኛውን ሁለተኛ ነው እያልን ውለን እንገባለን። ካፖርት የምንገዛው ከአሮጌ ወታደር ልብስ መሸጫ ነበር፤ ግራጫ፣ ከባድ፣ እርጥብ ውሻ የሚሸት። ካገር ቤት ሰው ሲመጣ አንድ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ ያንን ካሴት ክሩ ላልቶ ዘፋኙ ጎረምሳ ሆኖ ጀምሮ ሽማግሌ ሆኖ እስኪጨርስ ድረስ እንሰማዋለን። ሁላችንም ትምህርቱን ጨርሰን ልንመለስ ነው። የማይመለስ ሰው አለ ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ከዚያ አገር ቤት ያ ክፉ ዘመን መጣ። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን አንድ ጠዋት ጺሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ ከቤት ወጣ፣ አልተመለሰም። ከማን ጋር እንደሄደ ያየ የለም፣ ወይም ያየ ሰው አልተናገረም። እናቴ ወይዘሮ ብርቄ በየእስር ቤቱ በር ምግብ ይዛ ዞረች፤ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» እያሉ መለሷት። ለሞተ ሰው ማልቀስ ራሱ በሚያስጠይቅበት ጊዜ፣ ይሙት ይኑር ለማይታወቅ ሰው ምን ይደረጋል? የእኔም የነጻ ትምህርት ገንዘብ ተቋረጠ። መመለስ እንደማልችል የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ቀስ በቀስ ራሴው ገባኝ።

ጋሽ ጉናርን ያገኘሁት በዚያን ጊዜ ነው። በስዊድንኛ አንቱታ የለም፤ በአማርኛ ሳስባቸው ግን አንቱ ከማለት ሌላ አይሆንልኝም። ሰደርማልም በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር ምድር ቤት የኦርየል ወርክሾፕ የነበራቸው፣ ጣቶቻቸው ዝንጅብል የመሰሉ ሽማግሌ ነበሩ። ምን እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ሥነ ሕንፃ ጀምሬ አልጨረስኩም አልኳቸው። «ይበቃል» አሉ፣ «የኦርየል ግማሹ የቆመበት ቤት ነው። ቧንቧውን እኔ አስተምርሃለሁ።» ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቀልድ አልነበረም። በአሮጌ መኪናቸው ስዊድንን ከዳር እስከ ዳር ስንዞር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን እንደገባን የመሣሪያ ሣጥናቸውን ሳይከፍቱ መካከሉ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጭብጨባው እስኪሞት ይጠብቃሉ። ደቡብ፣ ወደ ዴንማርክ በኩል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ወፍራም ግንብ፣ ዝቅ ያለ ቅስት ጣሪያ፣ በኖራ የተለሰኑ ናቸው፤ እዚያ ጭብጨባው ቶሎ አይሞትም። ስለዚህ ኦርጋኑ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ ግንቡ ራሱ ያወፍርለታል። ሰሜን ጫካው ውስጥ ደግሞ ገበሬዎችና እንጨት ቆራጮች የሠሩት የእንጨት ቤት ነው። እንጨት ድምፅ ይጠጣል። ቧንቧው ሰፋ ያለ፣ ድምፁ ሞቅ ያለ ካልሆነ ከሁለተኛው ወንበር አያልፍም። አንዳንዱ ጋ ብረት መግዣ ስላልነበራቸው ከፊት የሚታየው ቧንቧ እንጨት ነው፣ ብርማ ቀለም የተቀባ፣ ድምፅ የሌለው፣ ለዓይን ብቻ የቆመ። ጎትላንድ ደሴት ላይ የጥንት ነጋዴዎች ሀብታቸውን ድንጋይ ላይ አፍስሰውታል፤ ቤቱ ለመንደሩ ሦስት እጥፍ ይበዛል፣ ኦርጋኑ እዚያ ውስጥ ብቻውን ይጨነቃል። እዚሁ ስቶክሆልም አሮጌው ከተማ ውስጥ ደግሞ ጀርመን ነጋዴዎች ሠሪዎቻቸውን በመርከብ ይዘው ስለመጡ፣ ድምፁ የባሕሩን ማዶ ዘዬ ይዞ ቀርቷል።

ታሪክም ከግንቡ እኩል ይገባበታል ይሉ ነበር ጋሽ ጉናር። እነሱ አገር ካህኑ ብቻ መዘመሩ ቀርቶ ሕዝቡ ራሱ ይዘምር የተባለ ጊዜ፣ ኦርጋኑ ሕዝቡን ከፊት የሚጎትት ሆነ፤ ያልሠለጠነ ጉሮሮ ሁሉ ይዞ የሚሄድ ጉልበት ፈለገ። ጣልያን አገር ግን ለካህኑ ተራ ጠብቆ የሚመልስ ነው፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። እስፔን ደግሞ መለከት የሚባሉትን ቧንቧዎች እንደ ጠመንጃ ወደ ፊት አጋድመዋቸዋል። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ብዬ ተረቱን ብተረጉምላቸው በጣም ወደዱት፤ ከዚያ በኋላ ያላዩት ዓይነት ኦርጋን ሲገጥማቸው «ዥንጉርጉር!» ይሉኛል በአማርኛ፣ ምላሳቸው እየታሰረ።

የእናንተስ ቤት እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። ሥዬ አሳየኋቸው። ክብ ነው፣ ውስጡ ሦስት ክፍል አለው፣ መካከሉ መቅደስ ነው፤ ማኅሌቱ የሚቆመው ውጪኛው ክፍል ላይ ነው፣ ድምፁም መቅደሱን ይዞራል። ከበሮው በትከሻ ይዞራል፣ መቋሚያው ከሰዉ ጋር ይወዛወዛል። ከአለት የተፈለፈሉት ደግሞ ሌላ ናቸው። ኦርጋን ቢመጣ የት ይቆማል? እንደ እሱ ያለ አንድ ቦታ የሚተከል ነገር መቅደሱን ሊጋርድ ነው። ሥዕሉን ብዙ አዩትና «ሰዉን ራሱን ቧንቧ አድርጋችሁታል» አሉ። ይህን ለወንድሜ ብነግረው እንዴት በወደደው ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

እናቴ ቤት ስልክ አልነበረም። ሰፈራችን ወዳለው ሱቅ እደውላለሁ፣ ባለሱቁ ከደጁ ሆኖ ይጣራል፣ እሷ ነጠላዋን እያጣፋች ትመጣለች። ሥራ ያገኘሁ ጊዜ ደወልኩ። መስመሩ ይንጫጫል፣ የራሴ ድምፅ ተመልሶ ይመጣብኛል። «እማዬ፣ ሥራ አገኘሁ!» «ምን ሥራ?» «ኦርየል! ኦርየል ቤት ነው የምሠራው!»  ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ሱቁ ውስጥ ያሉትም ተቀበሏት። አንዲት እናት ልጇ ሥራ በማግኘቱ ይህን ያህል ከተደሰተች እሰየው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ያላወቅሁት ነገር ነበር። ጌታሁን በጠፋ ሰሞን፣ ወሩ በገባ በሃያ ሁለት፣ ዑራኤል ሄዳ ተስላለች። ሁለቱንም ስጠኝ ማለት ድፍረት መሰላት። «ከሁለቱ አንዱን አስቀርልኝ፤ አንዱን ካስቀረህልኝ ጥላ አገባልሃለሁ» ነው ያለችው። እንግዲህ እኔ ከሰው አገር ደውዬ «ዑራኤል ቤት ነው የምሠራው» ያልኳት መሰላት። መልአኩ ከሁለት ልጆቿ አንዱን መርጦ እቤቱ አስገብቶታል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት ይመጣል? ምልክቱ ግን ሌላም ነገር ይናገራል። አንዱ ከቀረ ሌላው ሄዷል። ቁርጥ ያጠግባል ይባላል። እናቴ የዚያን ዕለት ከሱቁ ተመልሳ ለወንድሜ ለቅሶ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ በሚፈራበት ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፣ በአርባው ተዝካሩን አወጣች፣ ጥቁር ለበሰች። ሬሳ ባይኖርም ልጇን ቀበረች።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስንደዋወል «አገልግሎት እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ «ደህና ነው እማዬ» እላታለሁ። «ድምፅህን ከብርድ ጠብቅ» ትለኛለች፤ ጉንፋን ፈርታልኝ ነው እላለሁ። ስልክ ውድ ነበር፣ ሁለታችንም እየተሻማን ነው የምናወራው። እኔ አልዋሸሁም፣ እሷም አላበደችም። ያንን ቃል ግን እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ።

መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲከፈት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወጣ ከሷ የሚረዝም ነገር በአንሶላ ጠቅልላ አቅፋለች፣ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሳለች። የጉምሩኳ ሴት ፍቺው አለቻት። ቀይ ከፋይ፣ ዳር ዳሩ የወርቅ ዘርፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ጥላ። ሴትየዋ አዳራሹ መካከል ዘረጋችው፣ መንገደኛው ሁሉ ቆመ። «ቀስ በይ በላት፣ የዑራኤል ነው!» ትለኛለች እናቴ። አውቶቡስ ውስጥ ገብተን ጥላውን በጉልበታችን ላይ አጋድመን ስንሄድ «ዑራኤል ከቤትህ ይርቃል?» አለችኝ።

«የትኛው ዑራኤል?»

«የትኛው ይለኛል እንዴ! አንተ የምታገለግልበት ነዋ!»

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። እልልታው፣ አገልግሎቱ፣ ከብርድ የሚጠበቀው ድምፅ። አፌን ልከፍት ስል እሷ በመስኮት ጫካውን እያየች «የጌታን ደም በጽዋ ተቀብሎ ዓለሙን ሁሉ ሲረጭ ለካ እዚህም ደርሷል፤ በረዶ አላገደውም» አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ስለቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችኝ። ተዝካሩንም። እኔ ስለ ተዝካሩ የሰማሁት በዚያ አውቶቡስ ላይ ነው፤ ወንድሜ የተለቀሰለት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ለጋሽ ጉናር ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሣቁ፣ ቀጥሎ ሣቃቸውን ተዉት። ትንሽ አሰቡና «አምጣት» አሉኝ፣ «ሰው ያላየውን ነገር በወሬ አታስረዳውም።» እናቴም በሃያ ሁለት ካልሆነ አልሄድም ብላ ነበር፤ ጠበቅንና በሃያ ሁለት ወሰድኳት።

በዚያ ሰሞን የምንቃኘው ከተማው መካከል ያለ አንድ ትልቅ የቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እናቴ መዝጊያውን ተሳለመች፣ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ገባች፤ ከበላያችን ሰገነት ላይ ያሉት ጋሽ ጉናር አይተዋት እሳቸውም ጫማቸውን አወለቁ። ጥላውን ተደግፋ ወደ ምሥራቅ ዞራ ቆመች። መጋረጃ ፈለገች፣ አጣች። ጋሽ ጉናር መጫወት ሲጀምሩ ድምፁ ከኋላዋ መጣ፤ እዚህ አገር ኦርጋኑ ያለው በምዕራብ፣ ከመግቢያው በር በላይ ባለው ሰገነት ነው። ዘወር አለች። አንገቷን አቅንታ እስኪያልቅ ሰማችው። «ማኅሌቱ እዚያ ላይ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ፣ ሐሰት አልነበረም። «እንውጣ» አለች።

በጠባቡ ደረጃ እየደገፍኳት ወጣን። በኦርጋኑ ጎን ያለችውን ትንሽ በር ከፍቼ ውስጡን አሳየኋት። «ብራና ይሸታል» አለች ወዲያው፣ ወናፉን በመዳፏ እየዳበሰች፤ እውነቷን ነው፣ የበግ ቆዳ ነው። ቧንቧዎቹን አየች፣ ከጣት የሚቀጥኑ አሉ፣ ሰው የሚውጡ አሉ። ለምን እንዲህ እንደበዙ፣ ለምን በየአገሩ እንደሚለያዩ እንደ ልጅ ተጣድፌ ነገርኳት፤ ስለ ግንቡ፣ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ሰሜኑና ስለ ደቡቡ። ወሬው ካለቀ የሚመጣውን ጥያቄ ፈርቼ ነው። «እንደ ዜማው ነዋ!» አለች ደስ ብሏት። «አባቴ የቤተልሔም ዜማ ነው የሚያውቁት፤ የቆማን ዜማ የተማረ ሰው መጥቶ ሲያዜም ፊታቸውን ያጠቁሩ ነበር። ያው አንድ ድጓ ነው እኮ።» ሣቀች። ከዚያ ዙሪያዋን አየችና «ታቦቱስ?» አለችኝ።

«እነሱ ታቦት የላቸውም፣ እማዬ።»

«ዑራኤል ያልከኝስ?»

«ኦርየል ነው ያልኩሽ። በነሱ ቋንቋ ኦርየል ማለት ይኼ ነው።» እጄን አንዱ ቧንቧ ላይ አደረግሁ።

«ኦርየል» አለች ቀስ ብላ። «ዑራኤል።» ደገመችው። ከዚያ ከጋሽ ጉናር አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ለቁልፎቹ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጥላውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ጋሽ ጉናር ምን አለች አሉኝ፤ ነገርኳቸው።  «ዕድሜዬን ሙሉ ስጫወት ማን እንደሚሰማኝ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን እሷ ሰማችኝ በላት» አሉ። አልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ በላቸው» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ።

ስንወጣ ውሃው ዳር ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እማዬ መልአኩ እኮ የትም ቢሆን ይሰማል፣ ስሙን ቤቱ ላይ መለጠፍ የለበትም አልኳት። «እስቲ ተወኝ፣ እያሰብኩ ነው» አለችኝ። ጀልባዎቹን ታያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ታጥባና ተቀባብታ ጠበቀችኝ። «ገበያ የት ነው? ሻሽ ግዛልኝ» አለች። ሄቶርየት ወሰድኳት። ጥቁር ሻሽ ባነሳ ቀማችኝና መለሰችው፤ ቢጫ፣ አበባ ያለበት፣ ኮረዳ የምታስረውን መረጠች። እዚያው መንገድ ላይ ጥቁሩን ፈታ ቢጫውን አሰረች፣ ጥቁሩን አጣጥፋ ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ትታው ሄደች። እንዴት ደስ አለኝ! ለጋሽ ጉናር ደውዬ ከሐዘኗ ወጣች፣ ኦርየል ፈወሳት አልኳቸው። የቀሩትን ሳምንታት ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር። ያኔ ሕፃን የነበረችውን ሣራን በአንቀልባ አዝላ አካላን ስትዞር ጎረቤቱ ሁሉ ወደዳት። እኔም ያ የጡብ ቤተ ክርስቲያን ነገር አለፈ ብዬ ተኛሁ።

ስትመለስ አርላንዳ ላይ ጥላውን ሳሸክማት «እዚያ ላለው ዑራኤል ልታስገቢው ነው?» አልኳት።

«አይ፤ ስለቴ ገና ነው።»

«እንዴት ገና?»

«አንዱን አስቀርልኝ ብዬ ነበር የተሳልኩት። ቤቱ ያስገባህ ሲመስለኝ፣ ይኸው መልሱ፣ አንዱን አስቀረ ሌላውን ወሰደ አልኩ። ሰማሁ ባልኩት ቃል ጌታሁንን የቀበርኩት እኔ ነኝ። መልስ አልሰጠኝም ለካ! ካልመለሰልኝ ደግሞ አልወሰደውም። ከዛሬ ጀምሮ ልጄን እጠብቃለሁ።»

«እማዬ፣ ስንት ዓመት አለፈው እኮ!»

«አንተንስ ያየሁህ ስንት ዓመት አልፎ ነው?» አለችኝ።

 ቢጫ ሻሿን አስተካክላ፣ ጥላዋን አቅፋ በፍተሻው በር ገባች።

ያገሩ ሰው ወይዘሮ ብርቄ ከሐዘን ወጡ ብሎ አመሰገነ። ቆይቶ ነው የገባው። የጌታሁንን አልጋ እንደገና አነጠፈች፣ ዘመድ ሲመጣ እንኳ ማንም አይተኛበትም። የግቢውን በር መቀርቀሪያ አስነቀለች። ሠፈሩ ሲፈርስ ምትክ ቤት ተሰጥቷት አልሄድም ብላ ከሰው ተጣላች፤ መጥቶ ቢያጣኝስ ነው ነገሩ። በኋላ ስልክ ቤቷ ገብቶላት እንደልብ ስናወራ፣ ወሬው መካከል ድንገት ዝም ትላለች። «ቆይ፣ በር ተንኳኳ» ትልና ትዘጋዋለች። መልሼ ስደውል ታነሳለች፣ ማን ነበር ብዬ አልጠይቃትም። በጥቁሩ ልብስ ጊዜ እንቅልፍ ነበራት፤ እኔ እንቅልፍ የሌላትን እናቴን ነው ያወቅኋት። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እቀናባታለሁ፤ እኔ ወንድሜን የምጠብቅበት ልብ የለኝም።

ጋሽ ጉናር ሞቱ፣ ወርክሾፑ የስፖርት ቤት ሆነ። ባለፈው ሳምንት ሄሰልቢ ላይ ሣራ ያ ሁሉ ቧንቧ ሲጫን እያየች፣ ፖላንድ ሄዶ ያው ድምፅ ይኖረዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ በስዊድንኛ። አይኖረውም አልኳት። ይኼ ዝቅ ላለ የኮንክሪት ጣሪያ የተሠራ ነው፤ እዚያ ከፍ ያለ ግንብ ውስጥ ሲቆም ራሱን አያውቀውም፤ አንድ ሰው ቧንቧ በቧንቧ ተቀምጦ እንደገና ያርመዋል። «ስታካሽ ዴን» አለች፣ ምስኪን ማለቷ ነው። ስለ አያቷ የነገርኳት ጥቂት ነው፤ ቢጫ ሻሿን ብቻ በፎቶ ታውቃለች።

እናቴ ያረፈች ዕለት እኔ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ውስጥ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ በላይ ናቸው። አጽናኑኝ፣ እሳቸውም አለቀሱ፤ ከኋላቸው የድንኳኑ ለቅሶ ይሰማል። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ የሕይወት ታሪኳን እኔ ነኝ የማነበው። ስንት ልጅ ልበል? ሰዉ ተከራክሮ አልተስማማልኝም።»

«የሁለት ወንዶች ልጆች እናት በሉ።»

«እሱንማ ብለናል። ከሁለቱ ስንቱ በሕይወት አለ ልበል ነው ጥያቄዬ።»

እኔ እኮ የተማርኩ ሰው ነኝ። ወንድሜ በየትኛው ጉድጓድ እንዳለ ባላውቅም፣ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ጋሽ በላይ ይጠብቃሉ፣ ሊያስቸኩሉኝ አልፈለጉም።

«ሁለቱም አሉ በሉ» አልኳቸው። «ትንሹ ስዊድን ነው፣ ትልቁ መንገድ ላይ ነው በሉ።»

እንዳልኳቸው አነበቡት።